መርዶው እስኪደርስ በነጻ ባቡር

እህቴ ከሞተች በአራተኛው ቀን ሉክሰምበርግ በሚባል አገር ውስጥ በአውቶብስ፣ በትራምና በባቡር ስንሸራሸር ዋልኩ። በነጻ። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም። ስስቅ፣ ፎቶ ስነሳ፣ ብስኩት ስበላ ዋልኩ። መሞቷን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ያለው የእኛ ሰው በሙሉ ያውቅ ነበር፣ ባለቤቴም ያውቅ ነበር። ሻንጣዬን የዘጋልኝ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። ለቅሶውን ጨርሻለሁ። ያላለቀልኝ ንዴቱ ነው፤ እሱም በሌላ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን እንዴት በወደድኩ።

ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለን፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቁሞ ዳቦና ስኳር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ከባለቤቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ቆመንባታል። እህቴ ደግሞ አውሮፓ፣ እዚያው ሉክሰምበርግ ገብታ ቢሮ ታጸዳ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት። በአካል ከተያየን አሥራ አራት ዓመት ሆኖን ነበር።

አገሩ ትራንስፖርት ሁሉ በነጻ ይሁን ያለው ኮሮና ዓለምን ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው። እትዬ የዚያን ቀን ደወለችልኝ፤ ድምጿ የሠርግ ቤት ድምጽ ነበር።

«ስሚ! ከዛሬ ጀምሮ አውቶብስ በነጻ፣ ባቡር በነጻ፣ ትራም በነጻ!»

«እትዬ ሙች፣ አሹፈውብሻል» አልኳት።

«አንቺ ነጋዴ ስለሆንሽ ነው የማታምኚው። ነይ ብቻ። የአውሮፕላኑን ቁረጪ እንጂ ከዚያ ወዲያ እግርሽ መሬት ሳይነካ አገሩን በነጻ አዞርሻለሁ።»

በሚቀጥለው ዓመት አልኳት። አይ እኔ! በሚቀጥለው ዓመት ማለት እንዴት ይቀላል። ሎክዳውን መጣ፣ ድንበር ተዘጋ፣ ቪዛ የሚሰጠው ቢሮ ተዘጋ። ሱቃችን ተከፈተ ሲባል ተዘጋ፣ ተዘጋ ሲባል ተዘረፈ። በመሃል እሷ ታመመች፤ ጉበቷ ነው አሉ። ለቪዛው ስድስት ወር ለምኜ ሳገኝ ደግሞ እኛ ጋ አዲስ ዓይነት ኮሮና ተገኘ ተባለና ከደቡብ አፍሪካ የሚነሳ ሰው እንደ ቆሻሻ ተቆጠረ፤ በረራው ቆመ። በረራው ተመልሶ ሲጀመር ለእሑድ ትኬት ቆረጥኩ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ አወራኋት። ድምጿ ቀጥኖ ክር ሆኖ ነበር። «ፊትሽን ልይ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። እኔም የፈለግኩት ያንኑ ነበር፤ ፊቷን ማየት። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ስልኩን የምታነሳው ጓደኛዋ ሆነች። ኦክስጅን አድርገውላታል፣ መናገር አትችልም አለችኝ። አመንኩ።

ለምን አመንኩ? ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ እኮ!

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ወዳጅ ይጠራል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። አገራችንን ትተን ስንመጣ ስንቱን ነገር ጥለን ይህን ግን ይዘን መጣን። ቴምቢሳ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ሰው እስኪሰበሰብ ባለ ሐዘኗን የምትይዝ ሴት ስትፈለግ የምጠራው እኔ ነበርኩ። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ከፊትሽ ምንም አይታይም» ይሉኛል። አላፍርበትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ እኮራበት ነበር።

ከጉዞዬ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ከእኛ ራቅ ካለ ሰፈር፣ ከካትሌሆንግ የመጣች አንዲት ሴት ያዝኩ። ለጸሎት ፕሮግራም መጥታ እኛ ቤት አድራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሌቦች ባሏን ሱቁ ውስጥ በጥይት መቱት። ተደወለልኝ። ስልኳን «አንዴ ልደውልበት» ብዬ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። «መጋረጃ ምረጪልኝ» ብዬ በታክሲ ፎርድስበርግ ገበያ ወሰድኳት። ሂሳቧን ከፈልኩላት፣ ሳምቡሳ ገዛሁላት፣ ከሱቅ ሱቅ እያዞርኩ እያሳቅኩ አዋልኳት። አመሻሽ ላይ ሰው ወደተሰበሰበበት ቤት አስገባኋት። ከአርባ ቀን በኋላ ስንገናኝ «እንዴት አስቻለሽ?» አለችኝ። «ላንቺ ብለን ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም። ውለታ ቢስ ብያት ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሉክሰምበርግ ደረስኩ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ። አንዷ ስልኩን የምታነሳልኝ የእትዬ ጓደኛ ናት። ሌላው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም ካፖርት የለበሱ ሰው፤ ጋሼ አልኳቸው። ሦስታችንም ማስክ አድርገናል። ማስክ ስንቱን ደበቀ! ጓደኛዋ አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ሆስፒታሉ ሩቅ ነው?» አልኳት።

«በኮሮናው ምክንያት ጠያቂ የሚገባው ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። «እስከዚያ አገሩን እናሳይሽ።»

እኛ ጋ በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ጭራሽ ሰው አያስገባም ነበር። ማታም ቢሆን ማስገባታቸው ደግነት መሰለኝ። ሻንጣዬን ቤት እናስቀምጠው ስላቸው ቁልፉ ሥራ ቦታ ያለ ልጅ ጋ ነው አሉ። ጋሼ ሻንጣውን አላስነካ ብለው ይጎትቱት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ሰው ቀኑን ሙሉ ሻንጣ እየጎተተ አገር ሲያስጎበኝ አይቼ አልጠረጠርኩም። ጉድ እኮ ነው!

አውቶብሱ መጣ። ገንዘቤን ይዤ ሹፌሩ ፊት ቆምኩ። በመስታወት ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎም አላየኝ። ከኋላዬ ሰው ይገባል፣ ያልፋል፣ ይቀመጣል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔ ብሬን ዘርግቼ እንደ ለማኝ ቆሜያለሁ። ጓደኛዋ ክንዴን ያዘችና «እዚህ ሂሳብ የለም፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀምጬም አላመንኩም። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ በካርድ ከፍለሽልኝ ነው?» እያልኩ አሥር ጊዜ ጠየቅኳት።

አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ነው የተሸወድኩት። እኛ ጋ ቢሆን አውቅ ነበር። ጆሃንስበርግ ታክሲ ውስጥ ሰው ያለ ነገር ሂሳብሽን ደጋግሞ ሲከፍልልሽ፣ ቦርሳሽን ሲይዝልሽ፣ ያለ ልማዱ ሲለሰልስልሽ አንድ ነገር አለ። ያቺ የካትሌሆንግ ሴት በከፈልኩላት ቁጥር «ምን ነካሽ ዛሬ?» ብላኝ ነበር። እዚያ አገር ግን ለማንም የሚከፈል ነገር የለም። ሰው አንቺን ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ማዞር ይችላል፤ አንዲት ምልክት አትታይበትም።

ከአውቶብሱ ወርደን ትራም ያዝን። ትራሙ ጸጥ ያለ ነው፣ መንገጫገጭ የለ፣ የሚጮህ ሙዚቃ የለ። እኔ ደግሞ አፌ ተከፈተ። ስለ እኛ ታክሲ አወራላቸው ጀመር። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የአሥራ አምስቱን ሰው ሂሳብ ተቀብሎ መልስ ሲመልስ እንደሚውል፣ ሳንቲሙ ከኋላ ወንበር በሰው እጅ እየተላለፈ እንደሚመጣ፣ አንድ ራንድ ከጎደለች ሹፌሩ እዚያ ሰው ላይ እንደሚያፈጥ። መውረድ ስንፈልግ ከትራፊክ መብራቱ አለፍ ብለህ አውርደኝ ለማለት «አፍተር ሮቦት!» ብለን እንደምንጮህ። ይህን ስል ትራሙ ውስጥ እውነትም ጮህኩ። «አፍተር ሮቦት!» ፈረንጆቹ ዞር አሉ። የእትዬ ጓደኛ ጎንበስ ብላ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋን በማስኳ ጠርዝ ጠረገች። አቤት እንዴት እንዳሳቅኳት ብዬ ደስ አለኝ። ስታለቅስ ነበር እኮ።

ከዚያ ሽቅብ ገደሉን በገመድ የሚጎተት ባቡር አለ፤ እሱም በነጻ። ቁልቁል የሚያወርድ በመስታወት የተሠራ ሊፍት አለ፤ በነጻ። ወጣን፣ ወረድን። ፎቶ ተነሳሁ። ለባለቤቴ ላክሁለት፤ «ሚስትህ ንግሥት ሆናለች፣ አንተ ዳቦ ቁጠር» ብዬ ጻፍኩበት። የመለሰልኝ ጌታ ይመስገን የሚል ብቻ ነበር። እሱ ወሬ የሚያንስበት ሰው አይደለም። ይሄንንም አለፍኩት።

በሰባት ሰዓት ግድም ደከመኝ። «ጋሼ፣ በቃ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄጄ ልቀመጥ፣ መቆየቱን እቆያለሁ» አልኳቸው። ሁለቱ ተያዩ። ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «የሰሜኑን ባቡር ሳታዪማ አትገቢም። እህትሽ ሁልጊዜ እዚያ ልወስዳት ነው ትል ነበር» አሉኝ። «ትል ነበር» ሲሉ እንኳ አልሰማሁም። እትዬ አዞርሻለሁ ያለችውን አስታውሼ ተነሳሁ።

ባቡሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወንበር አለ። አንደኛ ማዕረግ ብቻ ይከፈልበታል፤ እኛ ሁለተኛው ላይ ተቀመጥን። ውጭው ጫካና ተረተር ነው፣ ሜዳው ላይ በረዶ አለ። ጓደኛዋ ብስኩት ሰጠችኝ። እኔ ማታ ለእትዬ የምነግራትን እያሰላሰልኩ ነበር። እውነትሽን ነበር እላታለሁ፣ በነጻ ነው፣ እኔ ነኝ ሞኟ እላታለሁ። አንድ ትንሽ ጣቢያ ስንደርስ ጋሼ «እዚህ እንውረድ፣ ከዚህ ወዲያ ድንበር ነው፣ ትኬት ይጠይቃሉ» አሉ። ወረድን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ ባቡር ወደ ከተማ ተመልሶ ሊሄድ መጣ፤ «የሚቀጥለውን እንያዝ» አሉ። በብርድ ለምን እንደምንጠብቅ አልገባኝም። በመጨረሻ ሰዓታቸውን አዩ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ «አሁን እንመለስ» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

ማታ የወሰዱኝ ወደ ሆስፒታል አልነበረም። አንድ ፎቅ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ጫማ አየሁ። የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ፣ በረዶ ያረጠበው፣ ሃያ ሠላሳ ጥንድ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ። እንዲህ ጫማ ያስደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ቴምቢሳ ውስጥ ስንት ቤት። ማንም አፉን ሳይከፍት ተረዳሁ።

የጮህኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው ልቤ መለስ ሲል የጠየቅኩትን ነው። «የት ናት? ውሰዱኝ፣ ፊቷን ልይ» አልኩ። መልሱን ያወጡት ጋሼ ናቸው። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ረቡዕ ስለሚጫን ሣጥኑ በቆርቆሮ ተበይዶ መታሸግ ነበረበት፤ ከታሸገ ደግሞ አይከፈትም።

«መቼ ታሸገ?»

«ዛሬ» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ያውቁ ነበር? እዚያ ብርድ ላይ አስቀምጠውኝ ሰዓት ሲያዩ ያውቁ ነበር?»

«አውቄ ነው ልጄ። በጣም ከስታ ነበር። እንዳትጎጂ ብዬ ነው። ላንቺ ብለን ነው።»

ላንቺ ብለን ነው! የራሴን ቃል በራሴ ጆሮ ሰማሁት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እኔ ግን እንዲህ ሞልቶ፣ ተነቅንቆ ይሰፈርልኛል አላልኩም። ሻንጣዬን ከፈትኩ፤ ከሹራቦቼ ሥር እኔ ያላስገባሁት ጥቁር ሻርፕ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ነው። አጣጠፉ ራሱ የእሱ ነው። ለብሼው አለቀስኩ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ማክሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ሳይነሳ ለብቻዬ ወጣሁና ትራም ያዝኩ። ሣጥኑ ያለበትን ቦታ አድራሻ በወረቀት ጽፈውልኝ ነበር። ማንም ትኬት አልጠየቀኝም። የዚያን ቀን መክፈል አማረኝ። ወደ እህቴ ለመሄድ አንድ ነገር፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ ከእጄ ብትወጣ ምናለ አልኩ። በነጻ ሄጄ በነጻ ደረስኩ። ቆርቆሮውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ብየዳው አሁንም ሻካራ ነው። ፊቷ ከእጄ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር።

እዚያ ቆሜ ነው ያቺ የካትሌሆንግ ሴት ትዝ ያለችኝ። ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። የዚያን ቀን ጠዋት ሲደወልልኝ ሞተ አላሉኝም። ሆስፒታል ገብቷል፣ ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ብለዋል፣ በኮሮናው ምክንያት ሰው አያስገቡም፣ ስለዚህ አንቺ ያዣት ነው ያሉኝ። አረፈ የሚል መልእክት የደረሰኝ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ያ ሰው ይተነፍስ ነበር፤ እኔ ሚስቱን መጋረጃ አስመርጣት ነበር። ላያስገቧት ይችሉ ነበር። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ልታለቅስም ትችል ነበር። ያንን የመምረጥ መብት ማን ሰጠኝ? ለሰባት ወር ለእሷ ብዬ ነው ስል ከረምኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ካትሌሆንግ ሄድኩ። ሁለት ታክሲ ቀየርኩ፤ ሁለተኛው ላይ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ቀርቶ ነበርና የሰው ሁሉ ሂሳብ እጄ ላይ ወደቀ። ተሳሳትኩ፣ ከኋላ ጮሁብኝ። ሱቋ ጋ ስደርስ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ዳቦ ትሸጣለች። ስታየኝ ፊቷን አላዞረችም፤ ጥቁሩን ሻርፕ አይታዋለች።

«የእህትሽን ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ቀጥላም «አየሻት?» አለች።

«አላየኋትም። ሲያሽጉባት እኔን በባቡር ያዞሩኝ ነበር።»

ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ የብረት በሩን ልትከፍትልኝ ከተተችው።

«አትክፈቺ፣ ቆይ» አልኳት። ሽማግሌ አልጠራሁም፣ ሰው አልሰበሰብኩም። «ያን ቀን ታክሲ ስንሳፈር ባልሽ አልሞተም ነበር። ሆስፒታል ነበር። አውቅ ነበር።»

እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያረፈው?» አለችኝ።

«ስምንት ሰዓት ላይ» አልኳት። «ሳምቡሳውን ስንበላ።»

ቁልፉን ከበሩ መልሳ አወጣችው። ከኋላዬ ዳቦ ሊገዙ የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ከፍርግርጉ ፊት ዘወር አልኩላቸው።